«ለታናሽህ ተውለት»

ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ለሁለቱ ልጆቼ «ኤክስ ዊንግ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ አመጣላቸው። ትናንሽ የጠፈር መርከቦች እየተንቀሳቀሱ በዳይስ ይታኮሳሉ።

ባለፈው እሑድ ወጥ ቤት ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። የሁለቱ አብራሪዎች የችሎታ ቁጥር እኩል ነው። ታላቁ ቀድሞ ተኩሶ የታናሹን መርከብ መትቷል። «ወድቃለች፣ አንሳት!» ይላል። ትንሹ «እኔም መተኮስ አለብኝ» እያለ ያለቅሳል።

እንደ ልማዴ «ለታናሽህ ተውለት» አልኩ።

«እማዬ፣ ሁልጊዜ ለእሱ ነው የምትፈርጂው» አለኝ ታላቁ።

ደነገጥኩ፤ እውነቱን ነው። እጄን አድርቄ የመመሪያውን መጽሐፍ አብረን ገለጥን። ቁጥሩ ከፍ ያለ አብራሪ ቀድሞ ይተኩሳል፤ እኩል ከሆኑ ግን ተኩሱ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። የተመታችው መርከብ ከመነሳቷ በፊት ተኩሷን ትተኩሳለች።

ታላቁ ራሱ ደግሞ አነበበውና ያለ ኩርፊያ ዳይሱን ለወንድሙ አቀበለው። ትንሹ ወረወረ፤ ሳተ። ሁለቱም ሳቁ።

ፍርዱ እኔ ካልኩት አልተለየም። የእኔ ግን አድልዎ ነበር፤ የመጽሐፉ ደንብ ነው።

አሁን ስምምነት አለን፦ ያልገባን ደንብ ዳይስ ከመወርወሩ በፊት ይነበባል፤ መጽሐፉ ካልመለሰው ዘውድና ጎፈር እንጥላለን። እኔም «ተውለት» ማለቱን ትቻለሁ።