ሦስት የጥያቄ ምልክት

አያቴ «ጀውሃ» ስትል የመጨረሻዋን ፊደል ትስባታለች፤ ወንዙ ከአፏ የሚፈስ ይመስላል። አምና ሸዋ ሮቢትን አልፌ እሷ ጋ ስከርም አምስት ታሪኮቿን በስልኬ ቀዳሁ። ፋይሎቹንም በአማርኛ ሰየምኳቸው፦ ሠርጓ፣ ወንዙ፣ ድርቁ (የ1977ቱን ነው)፣ ጀውሃ፣ ገበያ።

አዲስ አበባ ስመለስ ድምፆቹን ወደ ላፕቶፔ አዛውሬ ከስልኬ አጠፋኋቸው። ላፕቶፑም ሞልቶ ስለነበር የሚያሳንሳቸው አጭር ስክሪፕት በፓይተን ጻፍኩ። ድምፁን የሚጨምቀው ግን በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ነው፤ ፓይተን ድምፁንና ስሙን ያስረክበዋል፣ እሱ በዚያ ስም ያስቀምጣል።

ነገሩ የተበላሸው እዚህች ርክክብ ላይ ነው። ለፓይተን ስም ማለት ፊደል ነው፤ «ጀውሃ» ሦስት ፊደል። ሲ ግን ስም የሚቀበለው በባይት ነው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳሉ። እናም ጀውሃ ዘጠኝ ባይት ሆኖ መሻገር ነበረበት።

እኔ ደግሞ ካገኘሁት ቁራጭ ኮድ ላይ ገልብጬ ስሙን ወደ አስኪ እለውጥ ነበር። አስኪ ያለው 128 ምልክት ብቻ ነው፤ «ጀ» የለችበትም። ፓይተን ስህተት አለ ብሎ ቆመ። ልክ ነበር። ቸኩዬ «ሪፕሌስ» የምትል ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የማታውቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተካው ማለት ነው። ስህተቱ ጠፋ፣ ደስ አለኝ። እያንዳንዱን ጨምቆ ሲጨርስ ዋናውን እንዲያጠፋም አዝዤው ነበር።

ሠርጓ «???» ሆነ። ወንዙም «???»። ድርቁም፣ ጀውሃም። ሊኑክስ የጥያቄ ምልክትን በስም ውስጥ ይቀበላል፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ተጻፈ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ። በፊደል ተራ መጨረሻ ላይ የነበረው ገበያ ብቻ ተረፈ፦ አያቴ በማሾ ዋጋ ስትከራከር።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ፓይተን ራሱ «ኤፍኤስኢንኮድ» የሚባል መሣሪያ አለው፤ ስሙን ሲስተሙ ለፋይል ስም በሚጠቀምበት ባይት ያሻግረዋል። ጓደኛዬ ግን «በእንግሊዝኛ ፊደል ሰይመውና ተገላገል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ስሙ ምን አጠፋ?

ከዚያ ወደ ጀውሃ ደወልኩ።

«እምዬ፣ የድርቁን እስኪ ድገሚልኝ።»

«ነግሬህ የለም እንዴ? የት ጣልከው?»

ከየት ልጀምርላት? ባይት ልበላት? ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።

«የሠርጌን ከፈለግህ ና፣ አወራልሃለሁ» አለች ቆይታ። «ያንን ግን ሁለቴ አላወራውም።»