ሸክላ ነው ሲሉኝ እንደ ሸክላ ያዝኩት

መቼም ስም ሰው ያሳስታል። «ሸክላ» ሲሏችሁ ምን ይታያችኋል? ጀበና፣ እንስራ፣ የወጥ ድስት... ከእጅ ካመለጠ አለቀ የሚባል ነገር። እኔም ይኼንኑ አምኜ የሙዚቃ ሸክላ እንዳይሰበር ስጠነቀቅ አበላሸሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በ1969 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ 41 ሸክላ ለታናሽ እህቱ፣ ለእናቴ፣ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ከደመወዙ እየቆጠበ ከፒያሳ የገዛቸው ናቸው። አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ሲሆኑ ዘጠኙ ትልልቆቹ ባለ 33 ናቸው። እማዬ በደርግ ዘመን አልጋ ስር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጋ አቆየቻቸው። ማጫወቻው ከተበላሸ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። እሷ ግን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እያወጣች አቧራቸውን ትጠርጋለች። አደራ ነዋ!

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ እኛም ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ኮንዶሚኒየም ሄድን። ዕቃ የመጫኑ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። 36ቱን ሸክላ ካርቶን ውስጥ ከመጻሕፍት ጋር አጨቅኳቸው። እማዬ በጣም የምትሳሳላቸውን አምስቱን ግን መንገጫገጭ እንዳይሰብራቸው ብዬ ለብቻ በፌስታል አድርጌ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ስር አጋደምኳቸው። በኔ ቤት ቪአይፒ መስጠቴ ነው። መኪናው ሌላ ዕቃ እስኪጫን ሦስት ሰዓት ያህል የጥቅምት ፀሐይ ላይ ቆመ።

ስንደርስ 36ቱ ደህና ናቸው። አምስቱ ቪአይፒዎች ግን ተጣመዋል። አንደኛውማ ጠርዙ ተነስቶ የሾርባ ሳህን መስሏል። ሽፋኑን ገልበጥ ሳደርገው በአጎቴ እጅ ጽሑፍ «ለእህቴ፣ ለፋሲካ 1965» ይላል። ከ41ዱ ውስጥ የአደራ ያልነበረው፣ የእማዬ የራሷ የሆነው፣ ያ ብቻ ነበር።

እማዬ አልተቆጣችም። «እንኳን ሰው አልተጎዳ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት (ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ)። ለካ እንደ ጀበና የሚሰበረው የጥንቱ ነው፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹበት ዓይነት። የኛዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲክ ቶሎ አይሰበርም፤ ጠላቱ ሙቀት፣ ክብደትና ጭረት ነው። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይልሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት ስር ደግሞ እዚያ መድረስ ቀላል ነው።

ባለፈው ዓመት ወደ አሜሪካ የምሄድበት አጋጣሚ ተገኘ። አጎቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ዕድሜው ገፍቷል፣ ጤናውም እንደ ድሮው አይደለም። በስልክ «ልጄ፣ እነዚያን ነገሮች ብታመጪልኝ...» አለኝ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች ገብቶኛል።

በዚህኛው ጉዞ ሸክላዎቹን ጠቅልዬ ለመጨረስ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ አይነባበርም፤ ሲነባበር የላዩ የታችኛውን ይጫነዋል፣ ጋደል ካለም ቀስ እያለ ይጎብጣል። ካርቶኑ ከሸክላው እምብዛም የማይሰፋ ይሁን። ትንንሾቹንና ትልልቆቹን አትቀላቅሏቸው። ክፍተት ካለ በጨርቅ ሙሉት፤ ግን እጃችሁን መሃል ማስገባት እስኪያቅታችሁ አታጭቁት። ትልልቆቹን ከነውስጥ ወረቀታቸው ከሽፋናቸው አውጥታችሁ ከሽፋኑ ጀርባ አቁሟቸው፤ አለዚያ መኪናው በነጠረ ቁጥር የሸክላው ጠርዝ የሽፋኑን ስፌት ይተረትረዋል። ስትይዙ ጠርዙንና መሃሉን ብቻ፤ የጣት ወዝ ቦዩ ውስጥ ይገባል።

ሻንጣ ውስጥ ለመክተት አላሰብኩም፤ በእጄ ያዝኳቸው። አንድ ትልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፣ ትንንሾቹ ቀላል ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው አራት ኪሎ አይሞሉም (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም)። የኤርፖርት ኤክስሬይም ምንም አያደርጋቸውም፤ ድምፁ ያለው ፕላስቲኩ ላይ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ነው።

አውሮፕላን ውስጥ ሳስበው ለነዚህ ሸክላዎች መንገድ ብርቅ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሙዚቃ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ መብት ነው በሚባልበት ጊዜ ደፍሮ የመጀመሪያውን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ሙዚቃው አዲስ አበባ ተቀርጾ ሕንድ ታትሞ ነው የተመለሰው። አምሃ ራሱ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ሸክላዎቹ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፣ ይኸው አሁንም ባሕር እየተሻገሩ።

አጎቴ ካርቶኑን ሲከፍት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ በአንድ ቆጠረ። 36። ቀድሜ በስልክ ያልነገርኩትን ያኔ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «የፋሲካውስ?» አለኝ።

«እሱም ተጣሟል፤ እማዬ ጋ ነው። ልጥለው ስል ከለከለችኝ።»

«ታዲያ እሱ እኮ የሷ ነው» አለ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ደወለላትና ማጫወቻው አጠገብ አስቀመጠው። አዲስ አበባ ሌሊት ነበር። እማዬ አልተኛችም፤ እስከ መጨረሻው አብራው ሰማች።

የተጣመመው አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ተሰቅሏል። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እናንተም ቤት አልጋ ስር ካርቶን ካለ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። ሸክላዎቹ ተጋድመው ከሆነ አቁሟቸው። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደግሞ ደውሉለት።