የዘንድሮ ብሮቼ

ጳጉሜን ሲገባ ሌላው ሰው ሒሳቡን ይዘጋል፤ እኔ ሰፌድ አወጣለሁ። በ2017 የሰበሰብኳቸውን የብር ሳንቲሞች ትናንት ማታ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ ደርድሬ ሳያቸው አመሸሁ። አምስት ናቸው። ባለቤቴ ቡናውን እያቀረበች «ቤሳ ቤስቲን የለኝም ስትለኝ የከረምከው ይኼን ሁሉ ይዘህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። (ቤሳ እኮ ራሷ ገንዘብ ነበረች፤ የምኒልክ ዘመን የመዳብ ዝርዝር። ሠላሳ ሁለት ቤሳ አንድ ብር ይሞላ ነበር። ይኼን ስነግራት ጭራሽ ተናደደች።)

የምኖረው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ ግድብ ጥግ ነው። ፒያሳ ሄጄ ከወርቅ ቤት መግዛት ከተውኩ ቆየሁ፤ እዚያ ብር የሚጠብቅህ ታጥቦና ተወልውሎ፣ የማን እንደነበረ ሳይነግርህ ነው። እኔ የምዞረው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። አሁን ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ከሰው ሣጥን የወጣ ብር ከነወሬው ይመጣል። በገበያችን ዋጋ ሲጠራ ግማሹ ሰው «ብር» ይላል፣ ግማሹ «ቀርሺ»። አማርኛው ገንዘቡን በማዕድኑ ስም ይጠራል፤ ኦሮምኛው ደግሞ የቱርክና የዐረብ ነጋዴዎች ቂርሽ ያሉትን፣ ምኒልክም ገርሽ ብለው ያሳተሙትን ስም ይዞ ቀርቷል። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ የሚንኳኳው የአንድ ብር ሳንቲም ግን ብር የሚባል ማዕድን አልነካውም።

ከትንሿ ልጀምር። ተሙን ናት፣ የብር ስምንተኛ። አሸዋ ሜዳ አንድ ልብስ ሰፊ ከቁልፍ ጋር ቀላቅሎ በመሳቢያው አስቀምጧት ነበር። በግዕዝ ቁጥር 1887 ትላለች፤ የታተመችው ፓሪስ ነው። ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን እያለ የሚወርድ ቤተሰብ ነበር፤ ይህች ከትንሿ ገርሽ ቀጥላ ያለችው ልጅ መሆኗ ነው። የንጉሡን ፊት ጣት ልሶታል፣ ዘውዱ ብቻ ቀርቷል። በልብስ ሰፊው ዋጋ ተስማምተን ወጣሁ።

ሩቡን ያገኘሁት ሱሉልታ፣ ከአንድ የድርቆሽ ነጋዴ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ። ቤት አምጥቼ በወርቅ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው አንድ ነገር ከነከነኝ። የምኒልክ ሩብ ብር አዲስ ሳለ 7 ግራም ከጥቂት ነው። ከጎኑ ደግሞ ከዚሁ ከቡራዩ የገዛሁት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ 1936 የሚል፣ አሜሪካ ባበደረችው ብር ፊላዴልፊያ የታተመ፣ ሐምሌ 1937 ከአዲሱ የወረቀት ገንዘብ ጋር የወጣ። እሱም 7 ግራም ከጥቂት! ምኒልክ ሩብ ያሉት ክብደት በሃምሳ ዓመት ገደማ ግማሽ ተባለ ማለት ነው። ጥራቱም ወርዷል፤ የሩቡ ከመቶ 83.5 እጅ ብር ነው፣ የሃምሳው 80፣ ኋላ የታተመው ሃምሳ ደግሞ 70። እናቶቻችን «ድሮ ገንዘብ ገንዘብ ነበር» ሲሉ ለካ ሚዛን ላይ የሚታይ ነገር ነው የሚናገሩት። (የሃምሳው መልክ ስላማረ አጭበርባሪ ስሙኒውን በብር ቀለም እየቀባ ሃምሳ ነው ይል ነበር። የስሙኒ ዳር እንደ ቅርፊት የተሸረከተው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ ሳለሁ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር።)

አራተኛው እንግዳ ነው። የእህቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ «ጋሼ፣ የሮማውያን ነው፣ ከነደረሰኙ» ብሎ ሰጠኝ። ዲናር! ቅዳሴ ቆመን ስንሰማው ያደግነው ዲናር፤ የወይን አትክልት ሠራተኞቹ የቀን ዋጋ፣ ጌታ ለቄሣር ግብር ይሰጥ እንደሆነ ሲጠየቅ አምጥተው ያሳዩት። ደጋግሜ በመዳፌ ብይዘውም ለማመን ቸግሮኝ ነበር፤ ሦስት ግራም ገደማ ናት፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥ። የሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ናት፣ ጢሙ የተጠቀለለ ንጉሥ። በአውግስጦስ ጊዜ ዲናር ንጹሕ ብር ነበር ማለት ይቻላል። ይኸኛው ለወታደሩ ለመክፈል ሲል መዳብ ጨመረበት፣ ግማሽ በግማሽ አደረሰው። ከሱ በኋላ የመጡት ደግሞ አላፈሩም፤ በሦስተኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሮም «ብር» ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ብር ያልነበረው፣ ላዩ ብቻ የተነከረ መዳብ ሆኖ አረፈው።

እዚህ ላይ አክሱም ትዝ አለኝ። ምክንያቱም ሮም ብሯን ባበላሸችበት በዚያው ትውልድ ነው ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር የራሱን ገንዘብ ማሳተም የጀመረው። ከዚያ በፊት በአዱሊስ ወደብ ለሚኖሩ የውጭ ነጋዴዎች የሮም ገንዘብ ይገባ እንደነበር በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈ የመርከበኞች መጽሐፍ ይነግረናል። የአክሱም ብር ጢንጥዬ ነው፤ አንዳንዱ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ የወርቅ ቅብ ተለጥፎበታል፣ እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ አገር ገንዘብ ላይ አላየሁም። ንጉሥ ዒዛና በክርስቶስ ሲያምን ደግሞ በገንዘቡ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ወርደው መስቀል ወጣ።

ሰፌዴ ላይ ግን የአክሱም የለም፣ አይኖርምም። ግንቦት ላይ ሱሉልታ ሻይ ቤት አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ከሶፍት ውስጥ «የአክሱም ብር» ፈታልኝ። የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው! በዳሩ ዙሪያ የሻጋታው ስፌት ይታያል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ወንድሜ፣ ይኼ ሐሰት ከሆነ ታታልለኛለህ፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ሁለታችንም እንታሰራለን» አልኩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከመሬት የወጣ ቅርስ ለመንግሥት እንዲነገር እንጂ በሶፍት ተጠቅልሎ ሻይ ቤት እንዲዞር አይልም። የአክሱምን ማየት ሲያምረኝ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም እሄዳለሁ።

ወደ አምስተኛው ልምጣ፤ ከሁሉ የምወደው እሱ ነው።

ጠገራ ብር ነው፣ ከሰበታ። ጠገራ የማያውቅ ልጅ ካለ፦ ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ እቴጌ ነበረች፣ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት፣ በዚያው መልክ፣ በዚያው 28 ግራም መታተሙን ቀጠለ። ቪየና፣ ኋላም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ። የእኛ ገበሬ የትከሻዋን ፈርጥና የራስ ጌጧን ዕንቁ ቆጥሮ፣ ድንጋይ ላይ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ ነበር የሚቀበላት። አንዲት ዕንቁ ከጎደለች አይወስድም። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያሳትሙ እንኳ በየገጠሩ ሰው ይቺን የሞተች ፈረንጅ ነበር የሚመርጠው። ንቀት አይመስለኝም። ሮማዊው ገበሬ በየዘመኑ ያላገኘውን፣ የማይለወጥ ነገር አግኝቶ ነው።

የሸጡልኝ እናት ከሜታ አቦ ማዶ ነው ቤታቸው። ለልጃቸው ቤት ቆርቆሮ ጎድሎባቸው ነው። ብሩ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ አያታቸው ከመስቀላቸው ጋር ባንገታቸው ያስሩት ነበር። ሰብሳቢዎች የተበየደ ሳንቲም ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ዋጋው ይወርዳልና። እኔ «ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«አባቷ ናቸው የሰጧት። ጣልያን የጅማን መንገድ ሲያወጣ ለበቅሎዎቹ ገብስ ሸጠው፣ በዚያ የተከፈላቸው ነው» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ የማተሚያውን ቅርጽና መብት ወስዶ ጠገራ ብርን ሮም ውስጥ ያሳትም ጀመር። ለባንዳ፣ ለስንቅ፣ ለአጋሰስ የሚከፈል። ሊራውን ገበሬው እንደማይወድለት ያውቃል። እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ድረስ ሮም አተመ። እንግሊዞችም ይኼን አይተው በለንደን ማተም የጀመሩት ያኔ ነው። የገብሱ ዋጋ ከዚያ ከረጢት ወጥቶ ከሆነ እንግዲህ፣ በእጄ የያዝኩት የሮም ብር ሁለት ሆነ፤ አንዱ የሴቬሩስ፣ አንዱ የሙሶሊኒ። በጠገራው ዳር ዙሪያውን በላቲን የተጻፈው ደግሞ ፍትሕና ርኅራኄ የሚል ነው። አገር ሊገዛበት ያሳተመው ገንዘብ ላይ! ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አልሳቅሁም።

የትኛው ከተማ እንዳተመው በብሩ ጀርባ ካለው ንስር ጭራ ላባዎች አደራደር የሚያነቡ ሊቃውንት አሉ። ፎቶ ላክልንና እንንገርህ ብለውኛል። አልላክሁም። እኔን የያዘኝ ንስሩ ሳይሆን ማንጠልጠያው ነው፤ ክሩ ሲመላለስበት በአንድ በኩል ሳስቷል። ሰባት ስምንት ዐሥርት ዓመታት ከአንገት ያልወረደ ብር እንዲህ ይሆናል። የወራሪው ደመወዝ የነበረው ነገር እዚያ አንገት ላይ ከመስቀሉ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ምን እንደሆነ ስም አላወጣሁለትም።

ባለፈው ሳምንት እናትየው ደወሉ። የልጅ ልጃቸው ጥር ላይ ታገባለች። «ልጄ፣ አልሰረዝኩም፣ ሸጫለሁ፤ ለሦስት ቀን ብቻ ታውሰኛለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው፣ ይዤው እመጣለሁ» አልኩ። ማንጠልጠያው ግን እንዲህ ሳስቶ አይታሰርም። ነገ ወደ አንጥረኛ እወስደዋለሁ፤ እንዳይወለውልብኝ እስኪጨርስ ከራሱ ላይ እቆማለሁ።