የክኒኑ ሒሳብ

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ፣ በወለጋ በቆሎ መካከል የኬሚካል መርጫ ያዘለ ወጣት ማየት የተለመደ ሆኗል። ከእነዚህ አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ በቀን ሒሳብ ይረጫል። ማታ ሲገባ ከራቱ በፊት ሁለት ፓራሲታሞል፣ ሲብስበት ዳይክሎፌናክ ይውጣል። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ያቀበልኩት እኔው ነኝ። የሦስተኛ ዲግሪ ይዤ «ዛሬ ምን ስትረጭ ዋልክ?» ማለት አልመጣልኝም።

ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት ፀረ ተባዮች ነርቭ ሥራውን በሥርዓት እንዲያከናውን የሚያደርገውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ የዓይን ብዥታው የዚህ ማስጠንቀቂያ ናቸው። ክኒን መርዙን አያረክስም፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያፍናል፤ ሰውየውም በማግሥቱ ወደዚያው መርዝ ይመለሳል። ፓራሲታሞል ከልክ ሲያልፍ ጉበትን፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ይባስ ብሎ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የተወሰደ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የአጎቴ ልጅ መከላከያ ግን አፉ ላይ የሚያስረው አሮጌ ሻሽ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጓንትና ጭምብል ከአሠሪው ካዝና ይወጣሉ፣ ክኒኑ ግን ከሠራተኛው ኪስ። ተቆጣጣሪ የማይደርስበት አዋጅ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

እኔም ክኒን በመግዛት የዚያ ሒሳብ ተባባሪ ሆኛለሁ። ከእንግዲህ አስቀድሜ የምጠይቀው የኬሚካሉን ስም ነው።