ለባሌ ተራሮች ጉዞ ስንዘጋጅ

እኛ ረቡዕ ረቡዕ ማታ በአንድ የቤት ኅብረት አብረን የምንጸልይ አራት ወንድሞች ነን። ከመካከላችን ሻንጣ በጀርባው አዝሎ፣ ድንኳን ውስጥ አድሮ የሚያውቅ የለም። ኅዳር ላይ ግን ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ በጥር ወደ ባሌ ተራሮች ሄደን አራት ቀን በእግራችን እንጓዝ ተባባልን። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ያን አገር፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ፣ ማየት ፈለግን። ሀብታሞች ስላልሆንን "በትንሽ ወጪ" በሚለው ወዲያው ተስማማን። ትንሽነቱ ለማን እንደሆነ ግን አልተጠያየቅንም።

የመጀመሪያውን ዝርዝር ያወጣነው ከኢንተርኔት ቪዲዮ ነው። ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የጋዝ ምድጃ። ሁሉም የግድ መሰለን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ራሷ ወደ 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዋጋውን ስንደምረው ለአንድ ሰው ከወር ደመወዛችን ከግማሽ በላይ መጣ። ሦስታችን በረጅሙ ተንፍሰን "እንደምንም ይሞላል" አልን። አራተኛው ዝም አለ።

በሚቀጥለው ረቡዕ "ሥራ በዝቶብኛል፣ እኔ እቀራለሁ" አለን። አዘንን፤ ከዚያም እንደ ልማዳችን ጸለይን። ጌታ ለወንድማችን ሥራውን ስላበዛለት አመሰገንን፣ የእጁን ሥራ እንዲባርክለትም ለመንን። እሱም አሜን አለ።

ከአሥር ቀን በኋላ አንዳችን ወፍራም ብርድ ልብስ ሊዋስ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቤታቸው ጎራ አለ። አገኛለሁ ብሎ ያሰበው እናቱን ነበር። በሩን የከፈተው ግን ራሱ ነው፤ በሥራ ሰዓት፣ በነጠላ ጫማ። ሥራውን ካጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ከእናቱ በቀር ለማንም አልተናገረም።

ይህን ስንጽፍ እሱም አጠገባችን ተቀምጧል፤ ጻፉት ያለንም እሱ ነው። በየሳምንቱ አብረን የምንንበረከክ ሰዎች ነን። በጸሎት ሰዓት ድምፁን ከሌላው ለይተን እናውቃለን፤ ምሳውን በልቶ ይሁን ሳይበላ ይምጣ ግን አናውቅም ነበር።

ሦስታችን ወዲያው "እኛ እንከፍልልሃለን" አልን። "ከፍላችሁልኝ ብሄድ አራቱን ቀን ሙሉ እንግዳችሁ ነኝ" ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎን ነበር። ገንዘብ ማዋጣት ለእኛ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ እንደ ቸሮችም ያስቆጥረናል።

በዚያው ሳምንት ተራው ሆኖ ያነበብነው ማርቆስ 6ን ነበር፤ ጌታ አሥራ ሁለቱን ያለ ስንቅ፣ ያለ ከረጢት የላከበትን ክፍል። ሁልጊዜ የምንሰብከው እግዚአብሔር ያዘጋጃል የሚለውን ነው። የዚያን ዕለት ግን ሌላ ነገር ታየን፦ ከረጢት የሌለው ሰው የግድ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ንም አስታወስን። ያ ታላቅ ሐዋርያ በእስር ቤት ሆኖ፣ ክረምት እየመጣበት፣ ጢሮአዳ ላይ የተወው ካባ እንዲመጣለት ይጠይቃል። በርዶታል፤ በርዶኛል ለማለትም አላፈረም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ቀደድነው። ማንም ምንም ነገር አይገዛም፤ የጎደለውን ሁላችንም፣ ደመወዝ ያለውም የሌለውም፣ ከሰው ለምኖ ያመጣል። በጋራ የምናዋጣው ደግሞ ወንድማችን ሊከፍል የሚችለውን ያህል ብቻ ይሆናል። እሱ ቁጥሩን ተናገረ፤ እኛም ጉዞውን በቁጥሩ ልክ ሠራነው፤ አራቱ ቀን ሦስት ሆነ።

መለመን የከበደው ከሁላችን የተሻለ ደመወዝ ላለው ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤቱን ካፖርት ለመዋስ ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዶ ተመልሷል። በአራተኛው ሲያንኳኳ ጋሼ የድሮ የወታደር ካፖርታቸውን አውጥተው ራሳቸው አለበሱት። ድንኳኑ ከቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት መጋዘን ተገኘ፤ አንዱ ዘንግ ተሰብሮ ስለነበር በሽቦ አሰርነው። ሁለት ስሊፒንግ ባግ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጋቢ። ጋቢ ከረጠበ ድንጋይ ነውና በላስቲክ ተጠቅልሎ ለሌሊት ብቻ ይወጣል።

የአገሩን መንገድ የሚመራንንና ድንኳኑን በፈረሱ የሚጭንልንን ሰው ክፍያ ግን አልነካነውም። አንዳችን "ተከራክረን እናስቀንሳለን" ብሎ ነበር። ለራስ ጃኬት አልገዛም ብሎ ማደር ቁጠባ ነው፤ ከባለፈረሱ የልጆች እንጀራ ላይ መቀነስ ግን ሌላ ስም አለው።

ስንቃችን ከእሱ ቤት ወጣ። እናቱ የአርሲ ልጅ ናቸው፤ ገብሱን ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በንጥር ቅቤ አሽተው ጭኮ ሠሩልን፤ በሶና ዳቦ ቆሎም ጨመሩ። ጭኮ እሳት አይፈልግም፣ ለቀናት አይበላሽም፣ ትንሹ ያጠግባል። የጋዝ ምድጃው በዚሁ ቀረ።

ሻንጣው ከሰውነት ክብደት ከአንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይባላል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 12 ማለት ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከተቀመጠ ልጅ ዘንድ ሄደን አንዴ ከነሻንጣችን፣ አንዴ ያለ ሻንጣ ተመዘንን። ልጁ ሳቀብን። አንዱ ሻንጣ 17 ኪሎ ነበር። ጂንስ ሱሪዎቹ ወጡ፣ ትርፍ ጫማው ወጣ። ከዚያ አራቱ መጽሐፍ ቅዱሶች ላይ ደረስን። ክርክሩ ከምታስቡት በላይ ረዘመ፤ በመጨረሻ አንዱ ብቻ፣ ትንሹ፣ ተራ በተራ እንዲነበብ ቀረ። ውኃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነውና ከቤት ብዙ አንይዝም፤ እዚያው አፍልተን እንጠጣለን፤ ለዚህም አንድ ድስት ከነክዳኑ ተውሰናል።

ወደ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ሮቤ የሚሄደው አውቶቡስ በዚያው ያልፋል። የመንገዱን ሰላም በስልክ ጠይቀናል። የመጀመሪያውን ሌሊት ከፍታውን እንድንለምደው ዲንሾ እናድራለን፤ ራስ ምታትና ማስመለስ የጀመረው ካለ ሁላችንም አብረነው እንወርዳለን ብለን ተስማምተናል።

የጋራውን ገንዘብ እንዲይዝ የመረጥነው እሱን ነው። "በደቀ መዛሙርቱ መካከል የገንዘብ ከረጢት የያዘው ማን እንደነበር ረሳችሁት?" ብሎ አሳቀን፤ ግን ተቀበለ።

ነገ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ እንገናኛለን። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ወደ ቤቱ ከሄደ ገና ግማሽ ሰዓት አልሆነውም፤ በስልካችን መልእክት ላከ፦ "ወፍራም ካልሲ የለኝም። ማን ጋ ይተርፋል?"

ሦስታችንም እኩል መለስንለት።