የልብ ሸንጎ

ሰው ሰላምን ሲፈልግ አስቀድሞ ጩኸትን ይሸሻል። ነገር ግን የጊምቢ ነጋዴ የገበያው ቀን ሲመሽ ደጁን ዘግቶ ቢቀመጥ፥ የደምቢ ዶሎ ጸሐፊም መዝገቡን አጥፎ ዐይኑን ቢከድን፥ ጆሮው ዐረፈ እንጂ ልቡ ገና አላረፈም። በውስጡ ሸንጎ ተሰይሟልና። በዚያ ሸንጎ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም እርሱ ራሱ ነው፤ ተከሳሹ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ብድሩን ያልመለሰለት፥ በማዕርግ የቀደመው፥ በሰው ፊት የነቀፈው ሁሉ በየተራው ይቀርባል፤ ይፈረድበታልም። ይህ ችሎት እስኪዘጋ ድረስ ዝምታ ብቻውን ሰላም አይሆንም።

አባቶች ይህን አውቀው ጽፈዋል። መጽሐፈ መነኮሳት ከሚባሉት ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱ የማር ይስሐቅ ነው፤ ሁለቱ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ሄደ። ስለ አርምሞ አብዝቶ ቢያስተምርም አርምሞን የመንገዱ መጨረሻ አላደረገውም፤ ሰው የገዛ ድካሙን የሚያይበት ብርሃን አደረገው እንጂ።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም ይህንኑ ይመስላል። ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ሲሻ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ብቻውን ሳለ የቆጠረው ሁሉ የተዋበ ይመስለዋል። በመምህሩ ፊት ሲነግረው ግን ቤቱ የጎደለ፥ ሰሙ ከወርቁ የተጣላ ሆኖ ይገኛል። እንዲሁም ራሱን ብቻውን የሚመረምር ሰው ራሱን እንዳያሞኝ ሐሳቡን የሚያርምለት የነፍስ አባት ወይም እውነተኛ ወዳጅ ያስፈልገዋል።

የወለጋ ምድር ለዚህ ምርመራ የሚሆን ታሪክ አላት። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በምጽዋ ነጻ ወጡ፤ በስዊድን ሚስዮንም ተማሩ። አስቴር ጋኖ እየረዷቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱት፤ እርሱም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። ወደ ነቀምት ከመጡ በኋላ ግን እመቤታችንን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱና በ1898 ዓ.ም. ከአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረቡ። ስብከታቸው በኦሮምኛ ስለ ነበረ ከሳሾቹ ካህናት ቃሉን በሚገባ አልተረዱትም ይባላል። አቡኑ እንዲሰደዱ ቢፈርዱ፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፥ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ከስብከት ተከለከሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ዐረፉ።

በእነዚያ ዓመታት በልባቸው ያለፈውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለሰው የሚታየው ሥራቸው ነው። አፋቸው ለስብከት ቢዘጋ በነቀምት ትምህርት ቤት ልጆችን ማስተማርን አልተዉም። የሃይማኖት ልዩነቱ በስፍራው ይኖራል፤ ስለ እርሱም ሊቃውንት ይከራከራሉ። ነገር ግን ታሪኩ ለካህኑም ለከተሜውም አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ «ሳልሰማው የፈረድሁበት ሰው ማን ነው?»

አንባቢ ሆይ፥ ማታ ከጸሎት በኋላ ጥቂት ጸጥ ማለት መልካም ነው። በዚያን ጊዜ የሌላውን በደል መቍጠር ቀርቶ የቀኑ ቃል አንድ በአንድ ይመርመር። ሳይሰሙ የተናገሩት ቢገኝ በነጋታው ሄዶ «እስቲ ነገርህን ደግመህ አሰማኝ» ማለት ይገባል። ይህን ማለት ለባለ ማዕርግ ከብዙ ስግደት ይልቅ ይከብደዋል። ይሁን እንጂ የልብ ሸንጎ የሚፈታው ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ከተከሳሹ አጠገብ የቆመ ዕለት ነው።