ስሕተት የሚነግረንን እስከ መጨረሻ ስለ መስማት

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ምክር ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ከልጄ ጋራ ስለ ተጣላሁበት፥ ኋላም ከእርስዋ ጋራ ስለ ተማርሁበት አንድ ነገር ነው። ጥሉን ያመጣው የገንዘብ ወይም የጠባይ ነገር አልነበረም፤ ኮምፒዩተር በእንግሊዝኛ የጻፈው ጥቂት መስመር ቃል ነበረ እንጂ።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ስቀበልና ስመረምር ነው። ልጄ ደግሞ የኮምፒዩተር ትምህርት ሁለተኛ ዓመትዋን ጨርሳለች። ባለፈው ክረምት ረስት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብቻዋን ለመማር ቈርጣ ተነሣች። እኔም ስሙን በሰማሁ ጊዜ «ርስት» ያለች መስሎኝ፥ «የማን ርስት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም ስቃ፥ «አባባ፥ ነገሩስ አልራቁም፤ የቋንቋው ዋና ሕግ ስለ ባለቤትነት ነው» አለችኝ።

ይህን ነገር ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አሳቡን ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጽፋል፤ ኮምፓይለር የሚባለውም መሣሪያ ያን ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ ይመልሰዋል። ከመመለሱ በፊት ግን ይመረምረዋል፤ ከሕጉ የወጣ ነገር ያገኘ እንደ ሆነ ሥራውን አቁሞ የስሕተት ማስታወቂያ ይጽፋል። የረስት ኮምፓይለር በዚህ በምርመራው እጅግ ጥብቅ ነው።

ልጄ በቅርቡ ከታተመ መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ቃል በቃል ገልብጣ ለኮምፓይለሩ ሰጠችው። በምሳሌው ውስጥ «አሲንክ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ይህም ቃል አንድ ሥራ መልስ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ኮምፒዩተሩ ሌላ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ኮምፓይለሩ ግን፥ ይህ ነገር በረስት 2015 አይፈቀድም ብሎ መለሰላት። መጽሐፉ አዲስ፥ ኮምፓይለሩም በዚያው ሳምንት የመጣ አዲስ ነው፤ ታዲያ 2015ን ማን አመጣው? እኔማ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ መስሎኝ፥ «እንግዲያስ ብዙ አላረጀም» ብዬ ነበር።

ልጄ የማስታወቂያውን የመጀመሪያ መስመር ብቻ እያነበበች ቃሉን አወጣችው፤ ባወጣችው ጊዜ ሌላ ስሕተት መጣ። መልሳ ብታገባው የፊተኛው ተመለሰ። እንዲህ ሆና ሦስት ቀን ዋለች። በሦስተኛው ማታ እራትዋን ሳትበላ ተቀምጣ ባያት ጊዜ ተቈጣሁና፥ «ይህ ትምህርት ለአንቺ አልተፈጠረም፤ ብትተዪው ይሻልሻል» አልኋት። አንዳች ቃል ሳትመልስልኝ ወደ መኝታዋ ገባች። የተናገርሁት ወዲያው ቢጸጽተኝም ደጃፍዋን ለመምታት አፈርሁ።

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ተነሥቼ ወደ ኮምፒዩተሩ ቀረብሁ፤ ማስታወቂያውንም በእርሳስ በደብተር ላይ ገለበጥሁት። በመዝገብ ቤት የኖረ ሰው ወረቀት ሲቀበል አስቀድሞ ቍጥሩን፥ ቀኑንና የተጠቀሰውን ሕግ ይመለከታል፤ ከዚያም እስከ ፊርማው ድረስ ያነባል። ይህም ማስታወቂያ እንደ ደንበኛ መዝገብ ሁሉ ነገር ነበረው። ቍጥሩ ኢ0670 ነው። የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቍጥር ተጽፎበታል። ከቃሉ በታች ምልክት ተሰምሮ፥ ይህን ቃል ለመጠቀም ወደ ረስት 2018 ወይም ከዚያ በኋላ ወዳለው ተሻገሩ ይላል። ከዚያ በታች ደግሞ «እርዳታ» የሚል መስመር አለ፤ ለኮምፓይለሩ የ2024ን እትም እንዲያዝዙለት ይመክራል። ልጄ ሦስት ቀን የፈለገችው መድኀኒት ከዚያው ከግርጌው ተጽፎ ኖሮአል።

ሲነጋ ደብተሩን ይዤ ሄድሁና፥ «ልጄ፥ ትናንት የተናገርሁት ክፉ ቃል ነው፤ ይቅር በዪኝ። አሁን አንድ ነገር አስረጂኝ፤ ይህ ዳኛ የሚፈርደው በየትኛው ዘመን ሕግ ነው?» አልኋት። ደብተሩን ጥቂት ከተመለከተች በኋላ በግንባርዋ ላይ እጅዋን አሳረፈች፤ ገብቶአት ነበር።

ያስረዳችኝም እንዲህ ነው። ረስትን ግሬደን ሆር የተባለ ባለሙያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ለብቻው ጀመረው። የመጀመሪያው የጸና እትም የወጣው ግንቦት 7 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት፥ በፈረንጆች በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ፕሮግራም አዲስ ኮምፓይለር በመጣ ቍጥር እንዳይፈርስ የቋንቋው ሠሪዎች ቃል ገቡ። ነገር ግን ቋንቋ ያድጋል፤ አዲስ ቃልም ያስፈልገዋል። በ2015 «አሲንክ» ተራ ስም ነበረና ማንም ለሥራው ስም ሊያደርገው ይችል ነበር፤ በ2018 እትም ግን ለቋንቋው ብቻ የተጠበቀ ቃል ሆነ። ስለዚህ እትሞቹ፥ ይኸውም የ2015፥ የ2018፥ የ2021ና የ2024፥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ኮምፓይለር በአራቱም ይፈርዳል። ጸሐፊው እትሙን ሳይናገር ፋይሉን በቀጥታ ለኮምፓይለሩ የሰጠ እንደ ሆነ ግን እርሱ በጥንቱ በ2015 ይዳኘዋል። ካርጎ በሚባለው መሣሪያ አዲስ ሥራ ለሚጀምር ሰው እትሙ በራሱ ይጻፍለታል፤ ልጄ ግን ፋይሉ አንድ ብቻ ስለ ሆነ በካርጎ አልጀመረችም ነበር።

እኔ ግትር ያልሁት መሣሪያ ለካ ቃሉን የሚጠብቅ ኖሮአል። በእኛም ፍርድ ቤት አዲስ አዋጅ በወጣ ጊዜ የቀድሞው ጕዳይ በቀድሞው ሕግ ሲታይ ባለጕዳዮች ይገረሙ ነበር፤ ነገሩ እጅግ የሚመሳሰል ነው።

የ2024ን እትም ብታዝዝለት ያ ሁሉ ስሕተት ጠፍቶ አንድ ብቻ ቀረ፤ ቍጥሩም ኢ0382 ነው። ልጄ አንድ ጽሑፍ የያዘ ስም ለሌላ የፕሮግራሙ ክፍል አሳልፋ ሰጥታ፥ ከጥቂት መስመር በኋላ ያንኑ ስም ልታሳትመው ፈልጋለች። ይህ ሰው በሬውን ለሌላ ሰጥቶ በማግሥቱ ሊጠምደው እንደ መምጣት ነው። ኮምፓይለሩ ዋናውን ምልክት ያደረገው በሬው ሊጠመድ በታሰበበት መስመር ላይ ነው፤ የነገሩ ምክንያት ግን ከላይ፥ ባለቤትነቱ በተላለፈበት መስመር ላይ አለ። ያንንም ቢሆን አልደበቀውም፤ በሁለተኛ ምልክት፥ ከዚህ ላይ ተላልፎአል ብሎ አሳይቶአል። ማስታወቂያው ጽሑፉን ቀድቶ በመስጠት ነገሩ እንዲቃና መክሮአል። ልጄ ግን፥ «አባባ፥ መቅዳት ስሕተቱን ያስቀረዋል፤ ነገር ግን እኔ ያሰብሁት ማዋስ ነበር» አለችና ጽሑፉን በውሰት እንዲያልፍ አደረገችው። ምክር መስማት መልካም ሆኖ ሳለ አሳባችንን መልሰን ማየት የራሳችን ፈንታ መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

ልጆቻችሁ ይህን ሙያ የሚማሩ ከሆኑና በስሕተት ማስታወቂያ ተጨንቀው ያገኛችኋቸው እንደ ሆነ፥ ቴክኒኩን ባታውቁም ልትረዱአቸው ትችላላችሁ። ማስታወቂያው ብዙ ቢሆን ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ንገሩአቸው፤ የኋለኞቹ ብዙ ጊዜ ከእርሱ የተወለዱ ናቸውና። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው መስመር እንዲያነቡላችሁ ለምኑአቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በየትኛው እትም፥ ኮምፓይለሩስ የሚፈርደው በየትኛው እንደ ሆነ ጠይቁአቸው። በቍጥሩም ኮምፓይለሩ ራሱ ከነምሳሌው የሚሰጠው ሰፊ ማብራሪያ አለ፤ እርሱን ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ ምልክት የተደረገበት ስፍራ ነገሩ የታወቀበት እንጂ ሁልጊዜ የተጀመረበት እንዳይደለ አስታውሱአቸው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ለራሴም አስቀርቼዋለሁ። በዚያ ማታ ልጄን ያልበላችው እራት ላይ አገኘኋትና በዚያው ፈረድሁባት፤ የሦስት ቀኑን ድካም ግን አልጠየቅሁም ነበር። አሁን ስቈጣ ባየችኝ ጊዜ ፈገግ ብላ፥ «አባባ፥ ይህ በየትኛው እትም ነው?» ትለኛለች። እኔም አብዛኛውን ጊዜ የጥንቱ ሆኖ አገኘዋለሁ።